የክረምት ዕረፍት በኬንያ የባሕር ዳር መንደሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋና አዲስ አበባ በጭቃና በጉም ስትያዝ፣ «ልጆቹ ባሕር አይተው አያውቁም፤ የት ብንወስዳቸው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ይበዛብኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ወደ ኬንያ ጠረፍ ሂዱ፤ ስትሄዱም ትልልቆቹን የመዝናኛ ሆቴሎች አልፋችሁ ትንንሾቹ መንደሮች ውስጥ እደሩ። በሆቴሉ አጥር ውስጥ ያለው ባሕር መዋኛ ብቻ ነው። በመንደሩ ያለው ግን ማሳም፣ ገበያም፣ መንገድም ነው። ከዚህ በታች ያሉት በየዓመቱ የምጠየቃቸው ጥያቄዎች ናቸው።

በእኛ ክረምት እዚያ አይዘንብም?

የጠረፉ ዋና ዝናብ ከመጋቢት ማብቂያ ጀምሮ በሚያዝያና በግንቦት ይወርዳል፤ ግንቦት ከሁሉም ይበረታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አልፎ አልፎ ካፊያ ወይም ድንገተኛ ዝናብ ቢኖርም ቶሎ ያባራል። በዓመቱ ውስጥ አየሩ ቀዝቀዝ የሚልበት ወቅትም ይኸው ነው። ሞምባሳ አካባቢ ቀኑ 28 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሌሊቱ ወደ 22 ይወርዳል። ለደጋ ሰው ይህ ሙቀት ነው፤ ሆኖም እንደ የካቲቱ አያዝልም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎ። በእነዚህ ወራት ከደቡብ የሚነፍሰውን ነፋስ የአገሩ ሰዎች «ኩሲ» ይሉታል። ኩሲ ባሕሩን ያናውጠዋል፣ ውኃውን ያደፈርሰዋል፣ የባሕር አረምም እየገፋ አሸዋው ላይ ይከምራል። በፎቶግራፍ ያዩትን መስታወት የመሰለ ሰማያዊ ውኃ ብቻ ፈልገው ከሆነ፣ «ካስካዚ» የሚባለው የሰሜን ነፋስ በሚነፍስበት በጥርና በየካቲት ቢሄዱ ይሻላል። የክረምቱ ዕድል ሌላ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች በዋታሙ ፊት ለፊት ያልፋሉ። አንድ ትልቅ ዓሣ ነባሪ ከውኃው ተወርውሮ ሲወድቅ ያየ ልጅ የዚያን ዓመት ክረምት አይረሳውም።

የትኛውን መንደር ልምረጥ?

ልጆች ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ ያለ ማመንታት ዋታሙን እመክራለሁ። ከሞምባሳ በስተሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ነጭ አሸዋ ያላቸው ትንንሽ ወሽመጦች አሉት፤ በውኃው መካከልም እንደ እንጉዳይ ከታቻቸው የተሸረሸሩ የኮራል (ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የገነቡት ድንጋይ) ደሴቶች ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ። ባሕሩ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተጠበቀ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ አጠገቡ ካለው የማሊንዲ ፓርክ ጋር በአፍሪካ ቀደምት ከሆኑት የባሕር ፓርኮች ይቆጠራል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ሚዳ የሚባለው የባሕር ሰርጥ አለ። ማንግሮቭ በሚባሉት፣ በጨዋማ ውኃ ውስጥ በሚበቅሉ ዛፎች መካከል በተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ሆነው ሸርጣኖች ጭቃው ውስጥ ሲርመሰመሱ ያያሉ። ከዋታሙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ የጌዲ ፍርስራሽ ይገኛል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰዎቿ ጥለዋት የሄዱ የስዋሂሊ ከተማ ነበረች፤ መስጊዷና ቤተ መንግሥቷ በኮራል ድንጋይ የተሠሩ ሲሆን ዛሬ ሥራቸውን በግንቦቹ ላይ ያሳረፉ ትልልቅ ዛፎች ወርሰዋታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቧታል። ጌዲን ሳያዩ ከዋታሙ እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ።

ጸጥታ የሚወድ ሰው በስተደቡብ ወደ ሺሞኒ ይሂድ፤ ከዚያም በጀልባ ወደ ዋሲኒ ደሴት ይሻገር። በዋሲኒ መኪና የለም። ከመንደሩ ጀርባ የባሕሩ ውኃ ገብቶ የሚወጣበት ያረጀ የኮራል ድንጋይ ሜዳ አለ፤ የመንደሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው በላዩ የእንጨት መተላለፊያ ሠርተው ጎብኚ ያስገባሉ። በአቅራቢያዋ ባለችው ኪቡዩኒ ሴቶች የባሕር አረም ያመርታሉ። ውኃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ የተወጠሩ ገመዶችና የተተከሉ ችካሎች ቢያዩ እርሻ መሆናቸውን ይወቁ። የጤፍ ማሳ እንደማይረገጥ ሁሉ እነዚህም አይረገጡም። እግረ መንገድዎን የምትገኘው ጋዚ ደግሞ ማንግሮቭ በመትከልና በመጠበቅ የታወቀች ናት። «ሚኮኮ ፓሞጃ» የተባለው የመንደሩ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደኑ አምቆ የሚያስቀረውን ካርቦን እየሸጠ ገቢውን ለውኃና ለትምህርት ቤት ያውላል። ተራቁቶ የነበረ መሬት ሲያገግም ማየት ለእኛ አገር ሰው የተለየ ትርጉም አለው።

የድሮ ከተማ የሚወድ ሰው ሼላን ይምረጥ። ሼላ በላሙ ደሴት ላይ ያለች መንደር ናት፤ ከላሙ ከተማ በእግር አርባ ደቂቃ ገደማ ታስኬዳለች። ላሙ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናት። መንገዶቿ ሁለት ሰው ብቻ የሚያሳልፉ ጠባብ ስለሆኑ ሸክም የሚጓጓዘው በአህያ ነው። በአገራችን ጋዜጦች ስሙ በተደጋጋሚ የሚነሳው የላሙ ወደብ ከከተማዋ ራቅ ብሎ በዋናው መሬት ላይ ያለ ነው፤ መንደሯን አይነካትም። ወደ ላሙ በመኪና እንዳይሄዱ እመክራለሁ፤ ወደ ሶማሊያ ድንበር የሚያቀናው ያ አካባቢ የጸጥታ ችግር ያየ ነው። በአውሮፕላን ማንዳ ደሴት ላይ ያርፉና በጀልባ ይሻገሩ።

ማሊንዲን መንደር ለማለት ይከብዳል፤ ግማሽ ቀን ግን ይበቃታል። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ወደ ሕንድ ሲያልፍ የረገጣት ከተማ ናት፤ ያስተከለው ባለ መስቀል ዓምድ ዛሬም ባሕሩ አፋፍ ላይ ቆሟል። ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1541፣ አጼ ገላውዴዎስን ለመርዳት በምጽዋ በኩል የገባውን የፖርቱጋል ጦር የመራው ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የዚሁ ሰው ልጅ ነው። ዓምዱ ሥር ቆመው ይህን ለልጆችዎ ቢነግሯቸው በክፍል ውስጥ የሰሙት ታሪክ ሥጋ ይለብሳል።

እንዴት ይደረሳል? ቪዛስ ያስፈልጋል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፓስፖርት የሚጓዙ ዘመዶችዎ ግን ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነውን የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት ሞልተው መጨረስ አለባቸው። ከሁለት አቅጣጫ መጥተው ሞምባሳ ላይ የሚገናኙ ቤተሰቦች በዚህ ምክንያት እንዳይጉላሉ አስቀድመው ይነጋገሩበት። የቢጫ ወባ ክትባት ቢጫ ካርድዎንም አይርሱ፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ ይጠየቃል።

ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ድረስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መብረር ይቻላል። ጊዜ ያለው ሰው ግን ናይሮቢ ወርዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረውን ባቡር ቢሳፈር አይቆጭም። ጉዞው ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ሐዲዱ የሚያልፈው በጻቮ ፓርክ መካከል ስለሆነ በመስኮት ዝሆን ማየት የተለመደ ነው። የሞምባሳ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጭ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ማታ ስንደርስ የነበረው ባሕር ጠዋት የት ሄደ?

ከሁሉም በላይ ሰፋ አድርጌ መመለስ የምፈልገው ይህን ጥያቄ ነው፤ ያማረ ዕረፍት የሚበላሸውም የሚሰምረውም በዚህ ነውና። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከቤተሰቤ ጋር ማታ ደርሰን የማዕበሉን ድምፅ እያዳመጥን ተኛን። ጠዋት ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን ለብሰው ሲሮጡ ውኃው በዓይን ርቀት ሸሽቶ፣ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ በጎናቸው ተጋድመው ቀርተዋል። ትንሿ ልጄ «ማን ወሰደው?» ብላ አለቀሰች።

የወሰደችው ጨረቃ ናት። የጨረቃ ስበት፣ ከፀሐይ ስበት ጋር ተዳምሮ፣ ባሕሩን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላዋል፤ ሁለት ጊዜ ያሸሸዋል። ከሙላት እስከ ሽሽት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ወደ ፊት ይገፋል፤ ስለዚህ ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሞልቶ ካገኙት፣ ነገ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ይሞላል። በኬንያ ጠረፍ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይጠጋል፤ ፎቅ ከሌለው ተራ ቤት ግድግዳ ቁመት በላይ ማለት ነው። ጣናም ሆነ ላንጋኖ እንዲህ ሲያደርግ አይተን ስለማናውቅ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ ነው። እዚያ ግን የመንደሩ ሕይወት በሙሉ የሚቆጠረው በዚህ ነው። ዓሣ አጥማጁ መቼ እንደሚወጣ፣ ሴቶቹ ኦክቶፐስ ፍለጋ መቼ እንደሚወርዱ፣ ጀልባው ከየት እንደሚነሳ የሚወስነው ውኃው ነው።

አራት ቃላት ይያዙ። «ማጂ ኩጃ» ውኃው ሲሞላ ነው፤ «ማጂ ኩፕዋ» ሲሸሽ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በወጣችበት ሰሞን ሙላቱም ሽሽቱም ይበረታል፤ ይህን «ባምቩዋ» ይሉታል። በመካከሉ ባሉት ቀናት ልዩነቱ ያንሳል፤ ያንን «ማጂ ማፉ»፣ ማለትም የሞተ ውኃ ይሉታል። ትንንሽ ልጆች ይዘው የሚሄዱ ሰዎች በማጂ ማፉ ሰሞን ቢደርሱ ይመቻቸዋል፤ ውኃው ብዙም ስለማይርቅ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል።

የዕለቱን ሰዓት ከማንኛውም ባለ ጀልባ ይጠይቁ፤ ብዙ ማረፊያዎችም በሰሌዳ ላይ ይለጥፉታል። ከዚያ ቀንዎን በእሱ ይከፋፍሉ። ሲሞላ ይዋኙ፤ በሚዳ ማንግሮቭ መካከል በታንኳ መሄድ የሚቻለውም ያን ጊዜ ነው። ሲሸሽ ጫማ አድርገው ከመንደሩ ሰው ጋር ወደ ኮራሉ ይውረዱ። በየጉድጓዱ በቀረው ውኃ ውስጥ ባለ አምስት እግር የባሕር ኮከብ፣ ሸርጣን፣ ቀለማቸው ዓይን የሚወስድ ትንንሽ ዓሦች ያያሉ። ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ ከዲያኒ አጠገብ ባለችው ቲዊ ውኃው ሲሸሽ ኮራሉ ውስጥ ሰው የሚዋኝባቸው የተፈጥሮ ገንዳዎች ይቀራሉ፤ ከሁሉም የሚታወቀው በአፍሪካ ካርታ ቅርጽ የተበጀው ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ውኃው እየሸሸ ሳለ ውረዱ፣ መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ። ውኃው ሲመለስ በፊታችሁ ብቻ አይመጣም፤ በዝቅተኛው በኩል ዞሮ ከኋላችሁ ይሞላል።

ዋና አልችልም። ባሕሩ ያሰጋል?

አዎ፣ ያሰጋል፤ ለሚችለውም ቢሆን። ከሐይቅና ከመዋኛ ገንዳ የተማርነው ዋና ለባሕር አይበቃም። ኮራሉ ከዳርቻው ፈንጠር ብሎ እንደ አጥር ስለቆመ በውስጡ ያለው ውኃ ብዙውን ጊዜ የረጋ ነው። አጥሩ ክፍተት ባለበት ግን ሲሸሽ የሚወጣው ውኃ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ክፍተቱ የት እንደሆነ ከመንደሩ ሰዎች ሳይጠይቁ አይግቡ። በብዙ ዳርቻዎች ነፍስ አድን ሠራተኛ የለም። ልጅ በሚነፋ ተንሳፋፊ ላይ አይቀመጥ፤ ኩሲ ሲነፍስ ወላጅ ሊደርስበት ወደማይችል ርቀት ይወስደዋል። ጀልባ ሲሳፈሩ የአደጋ ጊዜ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን ቆጥረው ይግቡ። ከሌለ አይሳፈሩ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

የባሕር ጃርት የሚባለው ጥቁር እሾሃም ፍጥረት ኮራሉ ላይ ብዙ ስለሆነ በባዶ እግር አይሂዱ። ፀሐዩን በተመለከተ፣ «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚለውን አይመኑ። ከአሸዋውና ከውኃው የሚመለሰው ጨረር ትከሻን ይልጣል፤ ልጆችን ቲሸርት አልብሰው ያስዋኙ።

ሰዓት አቆጣጠራቸው ከእኛ ይለያል?

ይህን ስመልስ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የኬንያና የኢትዮጵያ የሰዓት ክልል አንድ ስለሆነ ሰዓትዎን አያስተካክሉም። ከዚህ በላይ ደግሞ የስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። «ሳ ታቱ አሱቡሂ» ሲልዎት ቃል በቃል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው፤ «ሳ ምቢሊ ኡሲኩ» ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ከአውሮፓ የሚመጣ ጎብኚ በዚህ ሲደናገር እኛ እንደ ቤታችን እንሰማዋለን። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሰውዬው በእንግሊዝኛ ሲናገር ነው፤ ያን ጊዜ «ናይን» ካለ የእኛ ሦስት ሰዓት ነው። የባቡርና የአውሮፕላን ቲኬት፣ የታተመ የባሕር ሙላት ሰንጠረዥም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ቋንቋችንም በዓረብኛና በሴም ዝምድና በኩል የሚነካካበት ቦታ አለ። ባሕር «ባሃሪ» ነው፤ ሒሳብ «ሄሳቡ»፤ ወቅት «ዋካቲ»። አንዱ ቃል ግን ገበያ ላይ ያሳስታል። «ኤልፉ» የእኛን እልፍ ይመስላል፤ የእኛ እልፍ ዐሥር ሺህ ሲሆን የእነሱ ግን አንድ ሺህ ነው። «ኤልፉ ምቢሊ» ሁለት ሺህ ሽልንግ ነው፤ አይደንግጡ።

አለባበስና ሰላምታ እንዴት ነው?

የጠረፉ መንደሮች በአብዛኛው የሙስሊም መንደሮች ናቸው። የዋና ልብስ የአሸዋው ልብስ ነው፤ ወደ መንደሩ ሲገቡ ወንዱም ሴቱም ትከሻና ጉልበት ይሸፍኑ። በሼላና በላሙ ደግሞ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ነጠላ ይዘው የሚሄዱ እናቶች ሁሉም ነገር ቀሏቸው አይቻለሁ፤ ጣል ማድረግ ብቻ ነው።

በዕድሜ የሚበልጥዎትን «ሺካሞ» ይበሉ፤ «ማራሃባ» ብለው ይመልሳሉ። ልጆችዎ ይህን ቃል ተምረው አንድ አዛውንት ላይ ቢሉት የመንደሩ በር ሁሉ ይከፈትላቸዋል። ግቢ ሲደርሱ ከውጭ ቆመው «ሆዲ!» ብለው ይጣሩ፤ እኛ «ቤቶች!» እንደምንለው ማለት ነው። «ካሪቡ» ካልተባሉ አይግቡ። ፎቶግራፍ ሳይጠይቁ አያንሱ፤ በተለይ ሴቶችንና ሲሰግዱ ያሉ ሰዎችን።

ፍልሰታ ላይ ነን። ምን እንበላለን? ሥጋውስ?

ከነሐሴ 1 ጀምሮ ያለው የፍልሰታ ጾም ከዕረፍቱ ጋር ስለሚገጥም ብዙ ምእመናን ይጨነቃሉ። ሊጨነቁ አይገባም፤ የስዋሂሊ ወጥ ቤት በኮኮናት ወተት የሚሠራ ስለሆነ ለጾመኛ እጅግ የተመቸ ነው። «ምባዚ ዋ ናዚ» በኮኮናት ወተት የተሠራ የእርግብ አተር ወጥ ነው፤ ጠዋት ላይ ሄል ከገባበት «ማሃምሪ» ከሚባል የተጠበሰ ቂጣ ጋር ይበላል። ማሃምሪው በላም ወተት አለመቦካቱን ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ቤት ይጨምራል። «ዋሊ ዋ ናዚ» የኮኮናት ሩዝ ነው፤ «ማሃራግዌ» ቦሎቄ፤ «ምቺቻ» እንደ ጎመን የሚሠራ ቅጠል። መንገድ ላይ የሚጠበሰው የካሳቫ ቁራጭ በሎሚና በሚጥሚጣ ዓይነት በርበሬ ተረጭቶ ሲሰጥዎት የአገርዎን ጣዕም ያገኛሉ። ትኩስ የኮኮናት ውኃ «ማዳፉ» ይባላል፤ ሻጩ ፊትዎ በቆንጨራ ይከፍትልዎታል።

በመንደሮቹ ሥጋ የሚታረደው በእስልምና ሥርዓት ነው። ለሙስሊም ቤተሰቦች ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ቢርያኒውንና ፒላዉን ሳይጠይቁ ይበላሉ። የክርስቲያን እርድ ብቻ የሚበላ ሰው ከጾም ውጭ ባሉት ቀናት ዓሣው አለለት፤ በፍም ተጠብሶ የኮኮናት ወጥ የተቀባውን «ሳማኪ ዋ ኩፓካ» ሳይቀምሱ አይመለሱ። አለመብላትዎን በትሕትና ከተናገሩ ማንም አይቀየምም፤ እነሱም የሃይማኖት ወግ የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው።

ቡና? ሞምባሳና ላሙ ላይ ሲመሽ የናስ ጀበና በፍም ላይ አስቀምጦ በትንንሽ ሲኒ የሚሸጥ ሰው ያገኛሉ። «ካሃዋ» ይሉታል፤ ዝንጅብል ያለበት፣ ስኳር የሌለበት መራራ ቡና ነው። ከእኛው ጋር አላወዳድረውም። ሲኒዎቹን እያንቃጨለ ሲመጣ ግን ድምፁ ብቻውን ሰውን ይጠራል።

ሻጮችና ባለ ጀልባዎች ይከታተሉናል። ምን እናድርግ?

ሰላምታቸውን ይመልሱ፣ ቆም ብለው ፊት ለፊት «አሳንቴ፣ ሃፓና» (አመሰግናለሁ፣ አይሆንም) ይበሉ። ዝም ብሎ ማለፍ ንቀት ስለሚመስል ክትትሉን ያብሰዋል። የጀልባ ጉዞ ከፈለጉ በማኅበር የተደራጁትን ይምረጡ፤ ዋጋውን፣ ሰዓቱንና የፓርኩ መግቢያ ውስጡ መኖር አለመኖሩን ሳይነሱ በፊት ይስማሙ። የፓርኩ መግቢያ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በኢንተርኔት ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ልጆቹን የሚያሳድር ሰው መሆኑን እያሰብን ብንከራከር መልካም ነው።

ሆቴሉ ፊት ለፊት ባለው አሸዋ ላይ መቀመጥ እንችላለን?

ይችላሉ። በኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 መሠረት ባሕሩ በሚሞላበትና በሚሸሽበት መስመር መካከል ያለው መሬት የሕዝብ ነው። ወንበሩና ጥላው የሆቴሉ ነው፤ አሸዋው ግን የሁሉም ነው።

ገንዘብ በምን እንያዝ?

ሞምባሳና ዋታሙ የባንክ ማሽን አላቸው፤ ዋሲኒ ላይ ግን አይጠብቁ። መንደሩ የሚገበያየው በኤምፔሳ ወይም በዝርዝር ሽልንግ ስለሆነ ትንንሽ ኖቶች ይዘው ይሻገሩ።

ወባ አለ?

አለ። የደጋ ሰው ነንና ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክረው መከላከያ መድኃኒት ይያዙ፤ በአጎበር ይተኙ፤ ሲመሽ ረጅም እጅጌ ይልበሱ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ቢይዝዎት ጠረፍ መዋልዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሻንጣችን ውስጥ መኖር የሌለበት ነገር አለ?

ፌስታል። ኬንያ ከኦገስት 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ቆሎውን፣ በሶውን፣ ሽሮውን በፌስታል ጠቅልለን የመጓዝ ልማድ አለንና ከቤት ሳይወጡ ወደ ጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ወዳለው ዕቃ ይገልብጡት። ከጁን 2020 ጀምሮ ደግሞ በብሔራዊ ፓርኮችና በተጠበቁ ዳርቻዎች የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስና የሚጣል ሳህን ማስገባት ክልክል ነው፤ መሙያ ኮዳ ይያዙ። ውኃው ላይ የተንሳፈፈ ፌስታል ለባሕር ኤሊ ጄሊፊሽ ስለሚመስላት ትውጠዋለች፤ አንጀቷም ይታገታል። ዋታሙ ላይ ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው የገባችን ኤሊ ሳያርዱ አሳውቀው በትንሽ ካሳ ወደ ባሕሩ እንድትመለስ የሚያደርጉበት አሠራር ለዓመታት ቆይቷል። ዕድል ከቀናዎት ስትለቀቅ ማየት ይችላሉ። ጠይቁ፣ ያሳዩዎታል።

ልጆቹ ዛጎል ለቅመዋል። ይዘን መመለስ እንችላለን?

አይ። በባሕር ፓርኮቹ ውስጥ ዛጎልም ኮራልም ማንሳት ክልክል ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም እንደዚያው፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነሕይወቱ ከባሕር የወጣ ስለሆነ አይግዙት። ለልጆቹ እንዲህ ይንገሯቸው፦ ባዶው ዛጎል ነገ ራቁቱን ለሚቀር ትንሽ ሸርጣን ቤት ነው። ከዚያ የመረጡትን እጃቸው ላይ አስቀምጠው ፎቶግራፍ ያንሷቸው፤ ውኃው ከመመለሱ በፊትም ወስደው ያገኙበት ቦታ ያስቀምጡት።